«ትክክለኛው» የዕብራይስጥ ባህላዊ ዘፈን የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። እስራኤል፣ ናታንያ ውስጥ በሰርግና በባር ሚጽቫ (ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ በሚደረግ የአይሁድ በዓል) ኪቦርድ እጫወታለሁ። ያደግኩት በአማርኛ ዘፈን ነው። አዛውንት እንግዶች ‹የድሮውን የአገር ዘፈን ተጫወትልን› ሲሉኝ የሚፈልጉት የሩሲያ ዘፈን የሚመስል ነገር ነው። ልጆቻቸው ደግሞ ሚዝራሒ ካልሰሙ ከወንበራቸው አይነሱም። እሱ ደግሞ ለጆሮዬ ዓረብኛ ነው። ለመሆኑ ከጥንት የመጣው፣ ትክክለኛው የዕብራይስጥ ባህላዊ ዘፈን የትኛው ነው? ከየትስ ልጀምር?»

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ጆሮህ አልዋሸህም። አንዱ የሩሲያ የሚመስልህ ብዙ ጊዜ እውነትም የሩሲያ ስለሆነ ነው። ሌላው፣ ሚዝራሒው፣ የዓረብ የሚመስልህም ከዓረብ አገር በመጡ አይሁዶች አፍ ስለገባ ነው። ከንጉሥ ዳዊት በገና ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ የዕብራይስጥ የሕዝብ ዘፈን ፈልገህ አታገኝም። የምኩራብ ዜማና የሰንበት ማዕድ ዝማሬ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በየአገሩ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ሜዳ ላይ፣ ትምህርት ቤት፣ ሰርግ ላይ በዕብራይስጥ የሚዘፈነው ዘፈን ግን ዕድሜው 150 ዓመት አይሞላም። የሠሩትንም ሰዎች በስማቸው እናውቃቸዋለን። ይሄ ዘፈኑን ዝቅ አያደርገውም። እኔ እንዲያውም የበለጠ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘፈን እንዴት «ባህላዊ» እንደሚሆን ቁጭ ብለህ ማየት የምትችልበት ቦታ ብዙ የለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1882 አካባቢ ነው። ከሩሲያ ግዛትና ከሩማንያ የመጡ አይሁዶች በያኔዋ የኦቶማን ፍልስጤም የእርሻ መንደሮች መመሥረት ጀመሩ። ቤታቸው ውስጥ የሚያወሩት ይዲሽ (የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ)፣ ሩሲያኛ ወይም ሩማንኛ ነው። ዕብራይስጥ የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ ነበር። እነሱ ግን ልጆቻቸው በዕብራይስጥ አፋቸውን እንዲፈቱ ቆርጠው ተነሱ። ልጅ ደግሞ ያለ ዘፈን ቋንቋ አይለምድም። አስተማሪው ዘፈን ፈለገ፣ አራሹ ፈለገ፣ ሰርገኛው ፈለገ። ዜማ ደራሲ የለም። ስለዚህ የሚያውቁትን ዜማ ወስደው የዕብራይስጥ ግጥም ገጠሙለት።

የእስራኤል ብሔራዊ መዝሙር ራሱ የተሠራው እንደዚህ ነው። የ«ሃቲክቫ»ን ግጥም የጻፈው ናፍታሊ ኸርዝ ኢምበር ነው፤ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ካለች ከተማ የተነሳ ባለቅኔ። ዜማውን ያገጣጠመለት ሪሾን ለጽዮን የሰፈረው ሳሙኤል ኮኸን ነው። ኮኸን ከሞልዳቪያ የመጣ ሰው ነበር። የተጠቀመበትም እዚያ አገር ስለ በሬና ጋሪ የሚዘፈን የገጠር ዜማ ነው። ዘፈኑ በሕግ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ የጸደቀው 2004 ላይ ነው፤ ሕዝቡ ግን መቶ ዓመት ቀድሞት ነበር።

መዝሙሩ ሲዘመር አንድ ነገር ልብ በል። የሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ «ሆሚያ» ይላል። በመዝሙሩ ድምፁ የሚጫነው «ሚ» ላይ ነው። በዛሬው ንግግር ግን የሚጫነው «ያ» ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ጾፊያ»ም ያው ነው። ግጥሙ የተጻፈው በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች አነባበብ ነው። በኋላ አገሩ የሴፋርዲዎቹን (ዘራቸው ከስፔን የሚመዘዝ አይሁዶችን) አነባበብ ሲመርጥ የድሮዎቹ ዘፈኖች ከሰው አፍ ጋር ተጣሉ። የ1920ዎቹ ዜማ ደራሲዎች አንዱ ትልቅ ሥራቸው ይህንን ማስታረቅ ነበር፤ ክብደቱ የቃሉ መጨረሻ ላይ የሚያርፍ ዜማ መፍጠር። የሆራ (በክብ ተያይዘው የሚጨፍሩት ጭፈራ) ዘፈኖች ላይ ምቱ ከጠበቅከው ቦታ ፈንጠር ብሎ ሲያርፍ የምትሰማው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

አንተ በየሰርጉ የምትጫወተው «ሃቫ ናጊላ»ም ታሪኩ ይታወቃል። አብርሃም ጽቪ ኢደልሶን ላትቪያ ውስጥ በ1882 የተወለደ የምኩራብ ዜመኛ ነበር። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ኢየሩሳሌም መጣ። እዚያ የየመኑ፣ የፋርሱ፣ የባግዳዱ፣ የሞሮኮው አይሁዳዊ ሁሉ በአንድ ከተማ ውስጥ ተጠጋግቶ ሲጸልይ ሰማ። ፎኖግራፍ ይዞ ከምኩራብ ምኩራብ እየዞረ ቀዳቸው። ያሳተመው ስብስብ 10 ትልልቅ ቅጽ ነው፤ ከ1914 እስከ 1932 ፈጀበት። ያ ሥራ ባይሠራ ዛሬ ስለነዚህ ዜማዎች ብዙ ነገር ባላወቅን ነበር።

በ1915 ኢደልሶን ከሳዲጉራ ሐሲዶች (የአጥባቂ አይሁዶች ማኅበር) የተገኘ፣ ቃል የሌለው ዜማ በኖታ ጻፈ። ሳዲጉራ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ናት። በ1918፣ የእንግሊዝ ጦር ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ፣ ለአንድ የደስታ ዝግጅት የሚሆን ዘፈን አስፈለገው። ያንን ዜማ አውጥቶ ለኳየር አሰናዳው። ቃሉም ቀላል ነው፤ ጥቂቱ ከዳዊት መዝሙር የተወሰደ ነው። ቁጥሩ 118 ነው፣ በእኛ ዳዊት 117፦ «እግዚአብሔር የሠራት ቀን ይህች ናት፤ ሐሤትን እናድርግ፥ በእርስዋም ደስ ይበለን» የሚለው። ግጥሙን ማን እንደጻፈው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

አሁን ኪቦርድህን ክፈት። ከኢ ጀምረህ እነዚህን ተጫወት፦ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። በኤፍና በጂ ሻርፕ መካከል ያለውን ሰፊ ዝላይ ስማው። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በዚህ ስኬል ለምኩራብም ለሰርግም ይዘምራሉ። ዓረቦች «ሒጃዝ» ይሉታል። ስለዚህ አዛውንቶቹ የሚወዱት «ሃቫ ናጊላ»ና ልጆቻቸው የሚወዱት ሚዝራሒ ኪቦርድህ ላይ አንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። አሁን ደግሞ ጂ ሻርፕና ዲን አውጣቸው። የቀረህ አምባሰል ነው። ይሄ ዝምድና አላቸው ለማለት አይደለም፤ ያንን የሚያስብል ማስረጃ የለኝም። ጆሮህ ግን ለምን ቶሎ እንደለመደው ይገባሃል።

ከ1920ዎቹ ጀምሮ በውሰት ዜማ ብቻ መኖር ያልፈለጉ ሰዎች ተነሱ። ይዲድያ አድሞን ከዩክሬን ልጅ ሆኖ ነው የመጣው። ሞርዴኻይ ዘዒራ በኪየቭ ተወልዶ በ1924 መጣ። ማቲትያሁ ሸለም ከፖላንድ ነው። እነዚህ ሰዎች «የአገሩን ድምፅ» ይፈልጉ ነበር። የእረኛ ዋሽንት፣ የግመል ነጂ እንጉርጉሮ፣ የበደዊን ዜማ፣ የጎረቤት ፍልስጤማውያን የደብካ ጭፈራ፣ የየመን አይሁዶች ጸሎት፤ ጆሮአቸው የያዘውን ሁሉ ወሰዱ። ስለዚህ ከዚያ ዘመን ዘፈን አንዱን ከፍተህ ብትሰማ ግማሹ ሩሲያ ግማሹ በረሃ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሆራው ራሱ ከሩማንያ የመጣ ጭፈራ ነው።

ዘፈኑ ወደ ሕዝቡ የደረሰበት መንገድም የሚገርም ነው። አያት ለልጅ ልጅ አላስተማረችውም። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎች አስተማሩት። የወጣት ማኅበራት በየካምፑ አዘፈኑት። የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ኖታና ግጥም በፖስት ካርድ እያተመ በተነው። ኪቡጽ (የጋራ እርሻ መንደር) ውስጥ ደግሞ በዓላቱ ራሳቸው እንደ አዲስ ተሰናዱ። ሸለም በራማት ዮሐናን ኪቡጽ የመጀመሪያውን የእህል ነዶ የሚያከብር ሥርዓት ከነዘፈኑ ከነጭፈራው አዘጋጀ። ጭፈራውን የሠራችው ሌያ ቤርግስታይን ናት። ዛሬ የሚያየው ሰው ከኦሪት ዘመን የቀረ ይመስለዋል። ማታ ማታ ሰዉ ተሰብስቦ አንድ አኮርዲዮን ከቦ ይዘፍናል። ግጥሙን ለማያውቅ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ይበራለታል። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አለ፤ አዛውንቶቹ የሚናፍቁትም እሱን ነው።

እስካሁን የጠቀስኩልህ ስም ሁሉ ከአውሮፓ ነው። አሁን ግን ሁልጊዜ ቀስ ብዬ ወደማስተምራት ሴት እንሂድ።

ብራኻ ዘፊራ በ1910 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከየመን አይሁዶች ተወለደች። በልጅነቷ እናትና አባቷን አጣች። የከተማው ቤተሰቦች እየተቀባበሉ አሳደጓት። አንዱ ቤት ቡኻራዊ ነው፣ አንዱ ፋርሳዊ፣ ሌላው ከሳሎኒካ የመጣ። በየቤቱ የሚዘፈነውን ሁሉ ያዘች። ኢደልሶን በማሽን የሰበሰበውን እሷ በጆሮዋ ሰበሰበችው። ከዚያ ለትምህርት በርሊን ሄደች፤ እዚያም ናሑም ናርዲ የሚባል ከኪየቭ የመጣ ፒያኒስት አገኘች። ተጋቡ፤ አብረውም መድረክ ላይ ወጡ። እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ያጅባል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የእሷ ዜማ በአንድ ድምፅ የሚሄድ ነው፤ ኮርድ የለውም። በድምፅዋ የምታደርጋቸው ትናንሽ መወዛወዞች ፒያኖ ላይ ቁልፍ የላቸውም። አንተ ትዝታን በኪቦርድ ስታጅብ ዘፋኙ የሚያንሸራትታት ድምፅ ከጣትህ ስታመልጥህ የሚሰማህ ነገር ማለት ነው። ናርዲ ወፍራም የአውሮፓ ኮርድ ከመደርደር ይልቅ ባዶ ባዶ ድምፆችን መረጠ። ግራ እጁን እንደ ከበሮ ተጠቀመበት። ዘፈኑ እንዲተነፍስ ቦታ ተወለት። በኋላ በ1939 ተለያዩ። እሷም ከጀርመን ከመጣው ከፓውል ቤን ሐይምና ከሌሎች ደራሲዎች ጋር ሠራች፤ በትልልቅ ኦርኬስትራም ዘፈነች።

ታዲያ የዜማው ባለቤት ማነው? ዘፈኑ በወረቀት ሲታተም የደራሲ ስም ይፈልጋል። ከአንዲት ቡኻራዊት ቤት የወጣ ዜማ በዘፊራ አፍ አልፎ ናርዲ ጋ ሲደርስ በማን ስም ይጻፍ? ይሄ ነገር በጊዜው አከራክሯል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ዘፊራ አቀንቃኝ ብቻ አልነበረችም፤ የዕብራይስጥ ዘፈን ግማሽ መዝገብ እሷ ነበረች። የመማሪያ መጻሕፍት ደራሲዎቹን ዘርዝረው እሷን «ድምፀ መረዋዋ የመን» ብለው ሲያልፏት ደሜ ይፈላል።

ሾሻና ዳማሪ ተከተለቻት። በ1923 የመን ውስጥ ዳማር ከተማ ነው የተወለደችው። ከጉሮሮ የሚወጡትን «ሐ» እና «ዐ» አጥብቃ ነው የምትላቸው፤ ትግርኛ የሰማ ጆሮ ወዲያው ያውቃቸዋል። ከዋርሶ የመጣው ሞሼ ቪለንስኪ የሠራላትን «ካላኒዮት» ስማ። የዋርሶ ዜማና የዳማር ጉሮሮ አንድ ላይ፤ ለእኔ የዚያ ዘመን ምርጥ ዘፈን ነው።

ከ1948 በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልንገርህ፤ ይሄኛውን በራስህ ታገኘዋለህ። የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ቡድኖች፣ በተለይ የናሐል ቡድን፣ ለብዙ ዓመት የአገሩ ዘፋኝ ማፍሪያ ሆኑ። በ1960ዎቹ መጨረሻ እነ አሪክ አይንስታይን የሮክ ጊታርን ከዕብራይስጥ ግጥም ጋር አዋሐዱ። ከኪቡጽ አካባቢ የወጣችው ናኦሚ ሸመር ግንቦት 1967 ላይ «የወርቅ ኢየሩሳሌም»ን ለበዓል ዝግጅት ሠራች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የስድስቱ ቀን ጦርነት ተነሳ፤ ዘፈኑም ሁለተኛ መዝሙር ሆነ። ሸመር በ2004 ስትሞት አንድ ደብዳቤ ትታ ነበር። የዜማው መነሻ ሳታውቀው ጆሮዋ ውስጥ የቀረ የባስኮች እሽሩሩ እንደሆነ ጽፋለች። ነገሩ በጣም አስጨንቋት ነበር። እኔ ግን የዕብራይስጥ ዘፈን ከሃቲክቫ ጀምሮ እንዲህ እንደተሠራ ስለማውቅ አይደንቀኝም።

ወደ ሚዝራሒ እንምጣ። በ1949 እና በ1950 ከየመን ብቻ 50 ሺህ ገደማ አይሁዶች በአውሮፕላን ገቡ። ከኢራቅ፣ ከሞሮኮ፣ ከግብፅም በብዛት መጡ። ከመጡት መካከል ሳሌሕና ዳውድ አል ኩዌይቲ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ባግዳድ ውስጥ የሬዲዮ ኦርኬስትራውን ያቋቋሙ፣ አገር ያወቃቸው ሙዚቀኞች ናቸው። እስራኤል ሲገቡ ለዓረብኛው ሬዲዮ ተጫወቱ፤ ለኑሮአቸው ግን ቴል አቪቭ ሃቲክቫ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፈቱ። የዕብራይስጡ ሬዲዮ ቦታ አልሰጣቸውም። በ2011 የዳውድ የልጅ ልጅ፣ ሮከሩ ዱዱ ታሳ፣ የአያቱን ዘፈኖች በዓረብኛ እንደገና አወጣቸው። ያ አልበም ሲወጣ ብዙ የኢራቅ ሽማግሌዎች ቤት ውስጥ ተለቅሷል።

ልጆቻቸው ግን ዝም አላሉም። በ1970ዎቹ ካሴት መጣ። ካሴት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በየመኖች ሰፈር በሰርግና በግብዣ የሚዘፈነው ተቀዳ፤ ቴል አቪቭ በድሮው የአውቶቡስ መናኸሪያ ተቸበቸበ። ጋዜጠኞች «የካሴት ሙዚቃ» ብለው ናቁት። ሬዲዮ አልፎ አልፎ ለብቻው ሰዓት ይመድብለት ነበር እንጂ ከሌላው ጋር አያሰማውም። የአዲስ አበባን የካሴት ዘመን የሚያውቅ ሰው ይሄ ሙዚቃ ያለ ሬዲዮ እንዴት አገር እንዳዳረሰ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ከዚያ ዞሃር አርጎቭ መጣ። የየመን ዘር ያለው የሪሾን ለጽዮን ልጅ ነው። በ1982 አቪሁ መዲና የደረሰውን «ሃፔራሕ በጋኒ» ዘፈነ። ያቀናበረው ከሩማንያ የመጣው ናንሲ ብራንደስ ነው። ስትሰማው የስንኙን መጨረሻ ተከታተል። ሌላ ዘፋኝ ቃሉን ጨርሶ በሚዘጋበት ቦታ አርጎቭ አይዘጋም። የመጨረሻዋን ድምፅ ይዞ ያንቀጠቅጣታል፣ ያወርዳታል፣ ይመልሳታል። እነሱ «ሲልሱል» ይሉታል። የምኩራብ ንባብ ነው፤ ከስሩ ግን ኤሌክትሪክ ጊታርና ትራምፔት አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሬዲዮው ጆሮውን ሊደፍን አልቻለም። አርጎቭ ሱስ ጎድቶት በ1987 እስር ቤት ውስጥ ሕይወቱን አጠፋ። 32 ዓመቱ ነበር።

ኦፍራ ሃዛም ከዚያው ከሃቲክቫ ሰፈር ናት። የእሷ «ኢም ኒንዓሉ» ግጥሙ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመን ውስጥ የኖረው የባለቅኔው የሻሎም ሻባዚ ነው። ያለ ምንም መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይጀምራል። የየመን አይሁዶች ለቤተ መቅደሱ መፍረስ በማዘን ብዙ መሣሪያ አይጠቀሙም ነበር፤ ሴቶቹ ቆርቆሮና የመዳብ ትሪ ነበር የሚመቱት። በ1988 ያ ዘፈን በዲስኮ ምት ተቀናብሮ ጀርመን ውስጥ ቁጥር 1 ሆነ። የዳንስ ቤቱ ሰው ሁሉ የ300 ዓመት ቅኔ ላይ ሲጨፍር ማን አወቀው?

የእኛንም ነገር ሳልነካ አላልፍም። የቤተ እስራኤል ቄሶች የሚዘምሩት በግዕዝ ነው፤ ስለዚህ ዜማቸው በዕብራይስጡ መዝገብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አልገባም። አማርኛ በሰፊው የተሰማው በ2002 ኢዳን ራይኸል የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ነው። ራይኸል ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሠራ ነው ዘፈናቸውን የሰማው። የ2005 ዘፈኑ መግቢያ ላይ «ናኑ ናኑ ነይ» ሲል የሙሉቀን መለሰ ድምፅ ትዝ ያለው አበሻ ብዙ ነው። ሱዳን የስደተኛ ካምፕ ውስጥ የተወለደችው ካብራ ካሳይም ከእሱ ጋር ዓለምን ዞራለች። በጎ ነገር ነው፤ በር ከፍቷል። ግን የዘፊራ ጥያቄ ተመልሶ መጣ፤ ዜማውን ያመጣው አንድ ሰው ነው፣ በሽፋኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሌላ ሰው ነው። ይሄ እየተቀየረ ነው። አስቴር ራዳና ጊሊ ያሎ በራሳቸው ስም አልበም አውጥተዋል። ኤደን አለነ በ2020 አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበትን «ፍቅር ልቤ» ለዩሮቪዥን አዘጋጅታ ነበር፤ ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ዘፈን ሄደች።

አሁን ወደ ሥራህ። ለአዛውንቶቹ ዘዒራንና ሸለምን ተማር፤ የአኮርዲዮን ድምፅ ምረጥ፣ ኮርድ አታብዛ፣ ሰዉ እንዲዘፍን ቦታ ተውለት። እነሱ አንተን ለመስማት ሳይሆን ራሳቸው ለመዝፈን ነው የመጡት። ከሆራ ወደ ሚዝራሒ ስትሻገር ሳታቋርጥ በሒጃዝ ግባ፤ ከላይ ያሳየሁህ ስኬል ድልድይህ ነው። በሩብ ድምፅ (በሁለት ቁልፎች መካከል በሚወድቅ ድምፅ) አትጨነቅ። የዛሬው ሚዝራሒ አብዛኛው በጊታርና በኪቦርድ የተሠራ ስለሆነ ሩብ ድምፅ የሌላቸውን ቅኝቶች ነው የሚመርጠው። ሩብ ድምፅ የምትፈልገው የኢራቅ ወይም የሞሮኮ ሽማግሌ ተነስቶ ራሱ ላቀንቅን ሲልህ ነው። ያን ጊዜ ኪቦርድህ የዓረብ ስኬል ማስተካከያ ካለው ክፈተው፤ ከሌለው አንድ ድምፅ ብቻ ከስር ያዝለትና እሱን ተከተለው።